ፈተናውን ያለፈ ኮምፒውተር ለምን የተሳሳተ ውጤት ይልካል?

በአንድ የኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ክሩን (የጥያቄና መልስ ተከታታዩን) የከፈተው አባል ጥያቄውን ያቀረበው በጨዋ ቋንቋና በዝርዝር ነው። ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ገዝቶ በገዛ እጁ የገጣጠመው ኮምፒውተር አለው። ፕሮሰሰሩ (ስሌቱን የሚሠራው ዋና ቺፕ) ከፋብሪካ ከተወሰነለት 4.0 ጊጋኸርዝ ወደ 4.4 ከፍ ተደርጓል፤ ይህን እንዲሸከም ቮልቴጁ ከ1.20 ወደ 1.32 ተጨምሮለታል፤ በሁለት የተለያዩ ጊዜያት የተገዙ አራት ዲዲአር4 ራሞችም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻዎች) በ3600 ፍጥነት ይሠራሉ። ባለቤቱ በማይጠቀምበት ሰዓት ሁሉ ማሽኑ፣ በጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተራቸውን በሚያውሱበት በቦይንክ ፕሮግራም አማካይነት፣ ለሳይንሳዊ ፕሮጀክቶች ስሌት ይሠራል። ኦቨርክሎክ ከተደረገ (ፍጥነቱ ከፋብሪካው ልክ በላይ ከተገፋ) በኋላ በፕራይም95 የጭነት ፈተና ሙሉ 24 ሰዓት ተፈትኖ አንድም ስህተት አልተገኘበትም፤ ድርቅ ብሎም ሆነ ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ አያውቅም። ይሁን እንጂ ከሚልካቸው ውጤቶች አንዳንዶቹ አልፎ አልፎ ተቀባይነት ያጣሉ። ጥፋቱ ሥራ አድሎ ውጤት የሚቀበለው የፕሮጀክቱ ሰርቨር ነው ወይስ የማሽኑ? የእሱ ግምት የሰርቨሩ ነው የሚል ነበር፤ ፈተና ያለፈ ማሽን ሊጠረጠር አይገባም ባይ ነው።

ይህ ጥያቄ ተደጋግሞ የሚነሣ ቢሆንም መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ፍጥነቱን ቀንስ ከሚል ምክር አያልፍም። ይህ ክር ግን ነገሩን ከሥሩ ስለመረመረው፣ በመካከሉም ኮምፒውተሩን ለሳይንስ ያዋሰ ሰው ምን ዓይነት ኃላፊነት አለበት የሚል ብርቱ ክርክር ስለተነሣበት፣ መልሶቹን በየቁጥራቸው መተረክ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

1ኛው መልስ ያው የተለመደው ነው። ፍጥነቱን በየ100 ሜጋኸርዙ ዝቅ እያደረጉ መሞከርን ይመክራል፤ ምክንያቱን ግን አያብራራም።

2ኛው መልስ የፕሮጀክቶቹን አሠራር ያስረዳል። በቦይንክ የሚተዳደሩ ብዙ ፕሮጀክቶች አንድን የሥራ ክፍል ቢያንስ ለሁለት የማይተዋወቁ ኮምፒውተሮች ይልካሉ፤ ውጤቶቹ ሲመለሱ ሰርቨሩ ያስተያያቸዋል። ከተስማሙ ሁለቱም ነጥብ ያገኛሉ፤ ካልተስማሙ ያው ሥራ ለሦስተኛ ማሽን ይላክና ከሦስቱ ብቻውን የቀረው ውድቅ ይሆናል። ጸሐፊዋ ያነሣችው ምሳሌ ለነገሩ ይበልጥ ክብደት ሰጥቶታል። አይንስታይን አት ሆም የተባለው የቦይንክ ፕሮጀክት በ2010 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አዲስ ፑልሳር፣ ማለትም እየተሽከረከረ የሬዲዮ ምት የሚልክ የሞተ ኮከብ፣ ባገኘ ጊዜ ምስጋናው አሜሪካና ጀርመን ለሚኖሩ የሁለት ኮምፒውተሮች ባለቤቶች በጋራ የደረሰው፣ ያው የሥራ ክፍል በሁለቱም ማሽኖች ላይ ተሠርቶ ውጤታቸው ስለተገናኘ ነው። ስለዚህ የክሩ ከፋች ውጤቶቹ የተዘረዘሩበትን ገጽ ከፍቶ፣ የእሱ ውድቅ በሆነ ቁጥር አብረውት የተመደቡት ሁለቱ እርስ በርስ ተስማምተው እንደሆነና እንዳልሆነ እንዲመለከት ጠየቀችው።

በ3ኛው መልስ ከፋቹ ተመልሶ መጣ። ገጹን አይቶታል፤ በሁሉም ላይ ሁለቱ ሌሎች ተስማምተዋል። ቢሆንም እጁን አልሰጠም። የእሱ ፕሮሰሰር ከእነርሱ የተለየ ሥሪት ስለሆነ በአሥርዮሽ ቁጥሮች ስሌት ላይ ጥቃቅን ልዩነት ሊፈጥር ይችላል የሚል መከራከሪያ አቀረበ።

4ኛው መልስ ይህን በትሕትና ያርማል። ልዩነቱ በእርግጥ ያለ ነው፤ አንድ ፕሮግራም በተለያዩ ፕሮሰሰሮችና ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ላይ ሲሠራ የመጨረሻዎቹ አኃዞች ላይገጥሙ ይችላሉ። ፕሮጀክቶቹ ግን ይህን ከመጀመሪያው ያውቁታል። አንዳንዶቹ ሲያስተያዩ ለጥቃቅን ልዩነት ቦታ ይተዋሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ አንዱን ሥራ ለተመሳሳይ ዓይነት ማሽኖች ብቻ ያድላሉ። ከዚያ ጸሐፊው ቁልፉን ነጥብ ያስቀምጣል፦ ምክንያቱ የፕሮሰሰሩ ዓይነት ቢሆን ኖሮ ውድቀቱ በየጊዜው በተደጋገመ ነበር። አልፎ አልፎ ብቻ የሚታይ ውድቀት የሚጠቁመው አልፎ አልፎ የሚሳሳት ዕቃ መኖሩን ነው።

5ኛው መልስ በእኔ ግምት ከክሩ ሁሉ የላቀ ነው። የጻፉት ስታቲስቲክስ የሚያስተምሩ አባል ሲሆኑ፣ 24 ሰዓት ያለ ስህተት ማለፍ በቁጥር ሲታይ ምን ያህል ጥቂት ነገር እንደሚያረጋግጥ አሳይተዋል። ማሽኑ በማይታወቅ ቅጽበት በአማካይ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ማለትም በ168 ሰዓት አንድ ጊዜ፣ ይሳሳታል እንበል። እንዲህ ያለው ማሽን የ24 ሰዓት ፈተናን አንድም ስህተት ሳያሳይ የሚያልፍበት ዕድል 87 በመቶ ገደማ ነው። ከስምንት ተመሳሳይ ማሽኖች ሰባቱ ንጹሕ ተብለው ያልፋሉ ማለት ነው፤ ሁሉም ግን በየሳምንቱ አንድ ስህተት ይዘው ወደ ሥራ ይሰማራሉ። ከፈተናው ተነሥቶ በ95 በመቶ እርግጠኝነት መናገር የሚቻለው፣ ስህተቱ በአማካይ በየ8 ሰዓቱ ከአንድ ጊዜ በላይ አይደርስም የሚለውን ብቻ ነው።

መምህሩ በዚህ አላበቁም። ያው ማሽን ለአንዱ ፕሮጀክት የሚጠቅም፣ ለሌላው የማይረባ ሊሆን እንደሚችልም አስልተዋል። አንዱ የሥራ ክፍል 2 ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ ማሽኑ በሳምንት 84 ክፍሎች ይሠራል፤ ከእነርሱ አንዱ ቢበላሽ ጉዳቱ ከመቶ አንድ እጅ ጥቂት ያልፋል። የሥራው ክፍል ራሱ ሳምንት የሚፈጅ ከሆነ ግን ሳይበላሽ የሚጠናቀቅበት ዕድል 37 በመቶ ብቻ ነው። ለሳምንታት የሚዘልቁ የአየር ንብረት ሞዴሎችን የሚያሠራ ሰውና አጫጭር ሥራዎችን የሚቀበል ሰው፣ ሁለቱም ማሽኔ የተረጋጋ ነው ሲሉ ስለ አንድ ነገር እየተናገሩ አይደለም።

6ኛው መልስ አመስግኖ አንድ ጥያቄ ያስከትላል፦ እንዲያ ከሆነ ለምን ያህል ጊዜ መፈተን ይገባል? 7ኛው፣ እንደገና የመምህሩ፣ በሁለት ዐረፍተ ነገር ይመልሳል። በሳምንት ከአንድ ስህተት በታች መሆኑን በ95 በመቶ እርግጠኝነት ለማወቅ 3 ሳምንት ያህል ያለ ስህተት መሥራት ያስፈልጋል። ይህን ያህል ጊዜ ማሽንን በባዶ ፈተና ከማቃጠል ደግሞ፣ ውጤቱ በሌሎች ማሽኖች በሚረጋገጥ ፕሮጀክት ላይ አሰማርቶ ውድቅ የሚሆኑትን መቁጠር ይሻላል።

8ኛው መልስ ወደ ፈተናው ዓይነት ይዞራል። ጸሐፊው ከፋቹን ከፕራይም95 ምርጫዎች የትኛውን እንደተጠቀመ ጠየቀው፤ መልሱን ሳይጠብቅም ልዩነቱን አስረዳ። ፕሮግራሙ ግዙፍ ቁጥሮችን የሚያባዛው ፉሪየር ትራንስፎርም በሚባለው ስልት ነው። የትራንስፎርሙ ትንሹ መጠን ሲመረጥ መረጃው በሙሉ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ካሽ (ትንሽ ፈጣን ማስታወሻ) ስለሚያዝ፣ ሙቀቱ ከሁሉም የከፋ ቢሆንም ራሙ ግን ሥራ ፈት ሆኖ ይቀመጣል። ራሙ የሚፈተነው በትልቁ መጠን ወይም በቅይጡ ነው። ጸሐፊው ስህተት ሲገኝ ፕሮግራሙ የሚያወጣውን መልእክት ጭምር ገልጿል፦ ክብ ሲደረግ የተገኘው ልዩነት ከ0.4 ማነስ ሲገባው 0.5 ሆነ ይላል። የማባዛቱ ውጤት ሙሉ ቁጥር መሆን ስላለበት፣ በአሥርዮሽ የተሰላው መልስ ለአንድ ሙሉ ቁጥር እጅግ ቀርቦ መገኘት ይኖርበታል። ልዩነቱ 0.5 ከደረሰ መልሱ ከሁለት ሙሉ ቁጥሮች መካከል ቆሟል፤ ወደ የትኛው እንደሚጠጋ ማወቅ አይቻልም፤ የተሠራው ሁሉ ከዚያ ወዲያ ዋጋ የለውም። ይህን መልእክት ብዙ ሰው አይቶት ያልፋል፤ ትርጉሙ እንዲህ ተፍታቶ ሲቀርብ ግን ጉዳዩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይገባል።

9ኛው መልስ አጭር ነው፤ ከፋቹ የተጠቀመው ትንሹን መጠን ነው፣ ምክንያቱም ከሁሉ የሚከብደው እርሱ ነው ተብሎ ሰምቷል።

10ኛው መልስ ይህን ይዞ ይነሣል። ብዙ ሰው ኦቨርክሎክ ሲባል የሚያስበው ፕሮሰሰሩን ብቻ ነው፤ በባዮስ (የኮምፒውተሩን መሠረታዊ መቼቶች በሚይዘው ፕሮግራም) ውስጥ ኤክስኤምፒ የተባለውን፣ ራሙን በእሽጉ ላይ ወደተጻፈው ፍጥነት የሚያነሣውን መቼት ማብራት ግን ራሱ ኦቨርክሎክ ነው። ለዲዲአር4 የተደነገገው ቮልቴጅ 1.2 ሲሆን በ3600 የሚሸጡት ራሞች አብዛኛውን ጊዜ 1.35 ይጠይቃሉ። በእሽጉ ላይ የተጻፈው ፍጥነት የሚመለከተውም አብረው የታሸጉትን ራሞች ብቻ ነው። በተለያየ ጊዜ የተገዙ ሁለት ጥንዶች በአንድ ማዘርቦርድ ላይ ሲሰኩ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የሚሞሪ ተቆጣጣሪ የሚሸከመው ጭነት ይጨምራል፤ ለብቻቸው ያለ ችግር የሚሠሩት አንድ ላይ ሊሳሳቱ ይችላሉ። ከፋቹ ፕሮሰሰሩን ከመንካቱ በፊት ኤክስኤምፒን አጥፍቶ እንዲሞክር፣ ሌሊት ደግሞ ራም የሚፈትነውን ሜምቴስት86ን እንዲያስነሣ ተመከረ። አንዱን ነገር ለይቶ ሳይፈትኑ ሌላውን መንካት መንስኤውን እንደሚያደበዝዝ ያሳሰበው ተገቢ ነው።

እዚህ ላይ ክሩ ለጥቂት ጊዜ መንገድ ሳተ። 11ኛው መልስ፣ የቀድሞ ዘመን ትዝታ ያለበት፣ በግንቦት 1999 የተጀመረውን፣ ከምድር ውጭ ያለ አዋቂ ፍጡር ምልክት የሚፈልገውን ሴቲ አት ሆምን ያነሣል፤ ከጠፈር የተቀዱ የሬዲዮ ምልክቶች በስክሪን ላይ እንደ ባለ ቀለም ግራፍ ሲንቀሳቀሱ ያዩበትን ጊዜ የሚናፍቁ ብዙ ናቸው። ፕሮጀክቱ በመጋቢት 2020 መጨረሻ አዲስ ሥራ ማደል አቁሟል። 12ኛው ደግሞ በዚያው ዓመት የፕሮቲኖችን እንቅስቃሴ የሚያሰላው ፎልዲንግ አት ሆም በኮቪድ ምክንያት በጎረፉለት ኮምፒውተሮች ብዛት ከአንድ ኤክሳፍሎፕስ በላይ መድረሱን አስታወሰ፤ በሴኮንድ ከአንድ ቢሊዮን ቢሊዮን በላይ ስሌት ማለት ነው። ደስ የሚል ነው፤ ከጥያቄው ጋር ግን አይገናኝም።

13ኛው መልስ ድምፁን ቀየረው። ጸሐፊው በሳይንስ ሥራ ላይ ኦቨርክሎክ የተደረገ ማሽን ማሰማራት የሌሎችን ድካም ማበላሸት ነው ብሎ በጥብቅ ጻፈ። በጨዋታ ላይ የተሳሳተ ቢት (የመረጃ ትንሹ ክፍል፣ 0 ወይም 1) በስክሪን ላይ አንድ ነጥብ ቀለም ቢቀይር ማንም አይጎዳም፤ በስሌት ውስጥ የተሳሳተ ቢት ግን ሳይታይ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። የሚቆም ማሽን መሳሳቱን ይናገራል፤ የማይቆመውና የሚሳሳተው ግን ሐሰትን እንደ እውነት ያስረክባል። ነጥብ ለመሰብሰብ ሲሉ ማሽናቸውን እስከ ጫፍ የሚገፉት ሁሉ ቢወጡ ይሻላል ሲልም አክሏል።

14ኛው መልስ በተመሳሳይ ቁጣ መጣ። ቁጥር 2ን በመጥቀስ፣ ሰርቨሩ ሁሉንም እያስተያየ የተሳሳተውን ስለሚጥል በሳይንሱ ላይ የሚደርስ ጉዳት የለም ይላል። ከዚያም አልፎ፣ ከመቶ አንዱ ቢጣልበት እንኳ በመቶ 10 የፈጠነ ማሽን በድምሩ ብዙ እንደሚያበረክት አስልቶ አቀረበ።

15ኛው መልስ፣ የቁጥር 13 ጸሐፊ፣ ነጥብ በነጥብ መለሰ። አንድ ውጤት በተጣለ ቁጥር ሦስተኛ ሰው ያንኑ ሥራ ደግሞ ለመሥራት ይገደዳል፤ ስለዚህ ኪሳራው ከተሳሳተው ማሽን ሒሳብ ብቻ አይነሣም። ሁሉም ሥራ በሁለት ማሽን ላይ የሚሠራም አይደለም። ቦይንክ ለረጅም ጊዜ ያልተሳሳተን ማሽን አምኖ ብቻውን እንዲሠራ የሚፈቅድበት አሠራር አለው፤ ፕሮጀክቱ ይህን ከመረጠ የማሽኑ ውጤት አልፎ አልፎ ብቻ ነው ከሌላ ጋር የሚመሳከረው። በፎልዲንግ አት ሆም ላይ ደግሞ ሥራው ሰንሰለት ነው፤ አንዱ የፕሮቲኑን እንቅስቃሴ እስከ አንድ ቅጽበት አስልቶ ሲያስረክብ ቀጣዩ ከዚያው ቅጽበት ይነሣል። በመካከል አንዱ ቢያበላሽ ወይም ቢያዘገይ ከኋላው ያለው ሁሉ ይጠብቃል።

በክርክሩ ፍሬ ነገር ላይ እኔም ከቁጥር 15 ጋር ነኝ። የ14ኛው ሒሳብ የሚሠራው ስህተቱ ሁልጊዜ ይያዛል ከሚል ግምት ተነሥቶ ነው፤ ያ ግምት ደግሞ ፕሮጀክቱን ሳይጠይቁ ሊወሰድ አይገባውም። የቁጥር 13 ጥፋቱ ሰዎቹ ይውጡ ማለቱ ነው፤ በጎ ፈቃደኛ የሚያስፈልገው ማብራሪያ ነው እንጂ ማባረር አይደለም።

16ኛውና 17ኛው መልሶች እዚህ ሊተረኩ አይገባም። እስከዚያ ድረስ አንቱ ይባባሉ የነበሩት ሁለቱ አንተ መባባል ጀመሩ፤ ስለ ማሽን መጻፋቸውን ትተው ስለ እርስ በርሳቸው ጻፉ። በ18ኛው መልስ አወያዩ ገብተው ሁለቱንም አስጠነቀቁ፤ ከፋቹ ዕርዳታ ፈልጎ መጥቶ ዳኛ ሳይጠይቅ ፍርድ እየወረደበት መሆኑን አስታወሱ።

19ኛው መልስ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነኝ ያሉ አባል የጻፉት ነው፤ ክሩን ወደ ጉዳዩ የመለሰውም እርሱ ነው። ከፋቹ በመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ ያሰፈራቸውን ቁጥሮች ወስደው አስልተዋል። ፕሮሰሰር በሥራ ላይ የሚወስደው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በካሬው ያድጋል። ፍጥነቱ በመቶ 10፣ ቮልቴጁም በመቶ 10 ሲጨምር 1.1 ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 1.331 ይሆናል። በ100 ዋት ይሠራ የነበረው አሁን 133 ዋት ይወስዳል፤ የተጨመረው ሥራ ግን ከመቶ 10 አይበልጥም። በተቃራኒው ሁለቱም በመቶ 10 ቢቀነሱ ኃይሉ ወደ 73 ዋት ይወርዳል። ሙቀት ሲጨምር ደግሞ ከቺፑ የሚያፈተልከው ኃይል ይጨምራል፣ ያው ፍጥነት ተጨማሪ ቮልቴጅ ይጠይቃል፣ ተጨማሪው ቮልቴጅ እንደገና ሙቀት ያመጣል። ኮምፒውተር ለጥቂት ደቂቃ ውድድር ሳይሆን ቀንና ሌሊት ለሚዘልቅ ስሌት ሲዘጋጅ ይህ ልውውጥ አያዋጣም የሚል ነው የመሐንዲሱ ፍርድ።

መሐንዲሱ ከዚህ ቀጥለው ብዙ ሰው የማያስተውለውን ነገር አነሡ። ፕሮሰሰሩ ድንገት ከባድ ጭነት ሲጫንበት የሚደርሰው ቮልቴጅ ዝቅ ይላል፤ በባዮስ ውስጥ ሎድ ላይን ካሊብሬሽን የተባለው መቼት ይህን ዝቅታ ለመካስ የተሠራ ነው። መቼቱን እስከ መጨረሻው ከፍ ያደረገ ሰው ግን ጭነቱ ድንገት ሲነሣ ቮልቴጁ ለቅጽበት ከተፈለገው በላይ እንዲዘል ያደርጋል። ያ ዝላይ በስክሪን ላይ በሚታየው ቁጥር ውስጥ አይያዝም፤ እጅግ አጭር ነው። ስለዚህ መካከለኛውን ደረጃ መምረጥና የቀረውን በትንሽ የቮልቴጅ ጭማሪ መሙላት የተሻለ ነው።

20ኛው መልስ ይህንኑ ከቦይንክ መቼት ጋር አገናኘው፤ ለብዙ አንባቢ ወዲያው የሚጠቅመው ምናልባት ይህ ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ የፕሮሰሰሩን ጊዜ በመቶኛ መገደብ ይቻላል፤ ሙቀት የፈሩ ሰዎች 60 ወይም 70 በመቶ ላይ ያደርጉታል። ፕሮግራሙ ይህን የሚፈጽመው ግን ሥራውን በየሴኮንዱ እያቆመና እያስነሣ ነው፤ ጭነቱ ቀኑን ሙሉ ይወጣል ይወርዳል፣ መሐንዲሱ የገለጹት የቮልቴጅ መናወጥም እንዲሁ። ከዚህ ይልቅ ጊዜውን በ100 በመቶ ትቶ የሚሠሩትን ኮሮች (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉትን የስሌት ክፍሎች) ቁጥር መቀነስ፣ ወይም በባዮስ ውስጥ የፕሮሰሰሩን የኃይል ገደብ ዝቅ ማድረግ የተረጋጋ ጭነትና የተረጋጋ ሙቀት ይሰጣል።

21ኛው መልስ ከፋቹ ማራገቢያዎቹንና ማጣሪያዎቹን ከአቧራ እንዲያጸዳ አሳሰበ። 22ኛው የማራገቢያ ጩኸት እንቅልፍ ስለሚነሣበት ሰው ጠየቀ፤ መልስ የሰጠው የለም።

23ኛው መልስ ለቁጥር 13 የቀረበ እርማት ነው። ከፋብሪካ እንደወጣ የተተወ ማሽን ሁልጊዜ የታመነ ነው ማለት አይቻልም። የፕሮሰሰር አምራቹ ኢንቴል በ2024 የ13ኛውና የ14ኛው ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ከተገቢው በላይ በሆነ ቮልቴጅ ምክንያት መረጋጋት እንደሚያጡ አምኖ በነሐሴ ወር የማይክሮኮድ (የፕሮሰሰሩ ውስጣዊ መመሪያ) ማስተካከያ ያወጣው፣ ኦቨርክሎክ ያላደረጉ ሰዎችም ጭምር ተቸግረው ነው። ብዙ ማዘርቦርዶችም ገና ሲከፈቱ የኃይል ገደቡን ከፕሮሰሰሩ አምራች መመሪያ በላይ ያደርጉታል። ስለዚህ አዲስ ማሽን የገጠመ ሁሉ ምንም ሳይነካ እንኳ ባዮሱን ማደስና ገደቦቹን አንድ በአንድ ማየት አለበት።

24ኛው መልስ የመጣው በጊምፕስ፣ ማለትም ከ1996 ጀምሮ የመርሴን ፕራይም ቁጥሮችን (ከሁለት ርቢ አንድ ሲቀነስ የሚገኙ፣ ከ1ና ከራሳቸው በቀር ለሌላ የማይካፈሉ ቁጥሮችን) በሚያድነው ፕሮጀክት፣ ከሚሳተፍ አባል ነው። ፕራይም95 ራሱ የተወለደው እዚያ ነው። ጸሐፊው የገለጸው ነገር ለእኔ ከሁሉ ይልቅ አስደናቂ ነው። ቁጥሩ ፕራይም መሆኑን በሚመረምረው በቀድሞው የሉካስ ሌመር ፈተና አንድ ስህተት በመካከል ቢገባ እስከ መጨረሻው ማወቅ አዳጋች ነበር፤ ማረጋገጫው ያንኑ ቁጥር ሌላ ማሽን እንደገና እንዲፈትነው ማድረግ ሲሆን፣ ድጋሚው ደግሞ ከመጀመሪያው በዓመታት ሊዘገይ ይችላል። እውነተኛ ፕራይም ቁጥር በአንድ የተሳሳተ ቢት ምክንያት ፕራይም አይደለም ተብሎ ለዓመታት ተቀብሮ ሊቀመጥ ይችል ነበር። ከ2018 ወዲህ ግን ሮበርት ገርቢች የፈለሰፈው ማጣሪያ በሥራ ላይ ዋለ። ፕሮግራሙ ስሌቱን እየሠራ በየተወሰነው ርቀት መሟላት ያለበትን የሒሳብ እኩልነት ይፈትሻል፤ ካልገጠመ በትክክለኛነቱ ወደተረጋገጠው የመጨረሻ ቼክፖይንት (ስሌቱ የደረሰበት ተመዝግቦ ወደተቀመጠበት ቦታ) ተመልሶ ከዚያ ይቀጥላል። የሚወስደው ተጨማሪ ጊዜ ከመቶ አንድ እጅ በታች ነው፤ የሚያመልጠው ስህተት ደግሞ ከምንም የማይቆጠር ነው። ከ2020 ጀምሮም ሙሉውን ስሌት ሳይደግሙ በጥቂት ሥራ ብቻ ውጤቱን ማረጋገጥ የሚያስችል የማስረጃ ፋይል ታክሎበታል። በጥቅምት 2024 ይፋ የሆነው 41,024,320 አኃዞች ያሉት ፕራይም ቁጥር በዚሁ መንገድ ከተለየ በኋላ በተለያዩ ፕሮግራሞችና በተለያዩ ማሽኖች እንደገና ተፈትኗል።

ይኸው ጸሐፊ ለከፋቹ ያቀረበው ሐሳብ ብልህ ነው። ማሽኑን ለጥቂት ሳምንታት በጊምፕስ ላይ ቢያሰማራው፣ ማጣሪያው ስህተት ባገኘ ቁጥር ስለሚመዘግብ፣ ሌላ ሰው ሳይጎዳ የማሽኑን ጤንነት ያውቃል። የፕሮቲንና የአየር ንብረት ስሌቶች ግን እንዲህ ያለ የሒሳብ መያዣ የላቸውም፤ በእነርሱ ላይ የሚሰማራ ማሽን አስቀድሞ የተጣራ መሆን ይኖርበታል።

25ኛው መልስ ከመሐንዲሱ ጋር በከፊል አልተስማማም። ቮልቴጅ መቀነስ ኃይል ይቆጥባል ማለት አደጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ፍጥነቱን ሳይነኩ ቮልቴጁን ብቻ ዝቅ ማድረግ ማሽኑን በሌላ በኩል ወደዚያው ጫፍ መግፋት ነው። በተለይ ከርቭ ኦፕቲማይዘር የተባለውን፣ የየኮሩን ቮልቴጅ የሚያስተካክለውን የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች መቼት የሚጠቀሙ ሰዎች፣ ሁሉም ኮሮች ሲጫኑ ደኅና የሆነው ማሽን ሥራ ሲቀል ሊሳሳት እንደሚችል ማወቅ አለባቸው፤ አንድ ኮር ብቻውን ሲሠራ ነውና ፍጥነቱ ከሁሉ ከፍ የሚለው። እንዲህ ሲሆን በዊንዶውስ ኢቨንት ቪወር (የክስተቶች መዝገብ) ውስጥ ዊያ በሚባል ምንጭ ስም የሃርድዌር ስህተት ይመዘገባል፤ የትኛው ኮር እንደሆነም ከዚያው ማወቅ ይቻላል። ኮሮቹን በተራ እያቀያየረ የሚፈትነው ኮርሳይክለር የተባለው መሣሪያ ለዚህ የተሠራ ነው። መሐንዲሱ በ26ኛው መልስ እርማቱን ተቀብለው፣ እሳቸው ያሉት ፍጥነቱና ቮልቴጁ አብረው ሲቀነሱ መሆኑን አብራሩ።

27ኛው መልስ ከፋቹ ይዞት የመጣው ውጤት ነው። ኤክስኤምፒን ሳያጠፋ ሜምቴስት86ን ሌሊት አስነሥቶ ጠዋት ስክሪኑ ላይ ቀይ መስመሮች አገኘ፤ በጥቂት አድራሻዎች ላይ በእያንዳንዱ አንድ ቢት ብቻ ተገልብጧል። ራሞቹን ጥንድ በጥንድ ለይቶ ሲፈትን ሁለቱም ጥንዶች ንጹሕ ሆነው ተገኙ፤ አራቱ አንድ ላይ ሲሰኩ ብቻ ነው ስህተቱ የሚመጣው። ቁጥር 10 እንደገመተው ማለት ነው። አሁን አራቱንም በ3200 አድርጓቸዋል፤ ፕሮሰሰሩንም ወደ 4.2 ጊጋኸርዝና ወደ 1.22 ቮልት አውርዶታል። በ4.4 ላይ መቆየት ይችል እንደነበር ያምናል፤ የመሐንዲሱን ስሌት ካየ በኋላ ግን ለዚያች ትንሽ ፍጥነት ያን ሁሉ ዋት መክፈል አልፈለገም። ከዚያ ወዲህ የላካቸው ውጤቶች አልተጣሉም፤ መምህሩ የነገሩትን 3 ሳምንት ሳይሞላ ግን ተረጋግቷል ብሎ እንደማይናገር ጽፏል።

28ኛው መልስ የቁጥር 13 ጸሐፊ ነው። በአጭር ቃል፣ አንድ ሰው ይህን ያህል ተጨንቆ ካጣራ ኦቨርክሎክ ማድረጉን እንደማይቃወም ገለጸ፤ የ14ኛው ጸሐፊ መልስ አልሰጠም።

29ኛው መልስ ያው ጥያቄ ለግራፊክስ ካርድ ምን እንደሚመስል ጠየቀ፤ ጠያቂው በፎልዲንግ አት ሆም ላይ በካርዱ ይሠራል፣ የካርዱንም ሚሞሪ ኦቨርክሎክ አድርጎታል። 30ኛው መልስ ሰፊ ነው። የግራፊክስ ካርድ ሚሞሪ ሲገፋ ጨዋታ ላይ ምንም ምልክት ሳያሳይ ስሌት ሊያበላሽ ይችላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ፋብሪካው ልክ የሚመለሰው የሚሞሪው ክሎክ ነው፣ የዋናው ቺፕ ክሎክ ቀጥሎ ይታያል። የፎልዲንግ ፕሮግራም የአቶሞቹ ሁኔታ ከልክ ሲወጣ መጥፎ ሁኔታ እንዳጋጠመው በሎጉ (በሥራ መዝገቡ) ላይ ጽፎ ወደ መጨረሻው ደኅና ቼክፖይንት ይመለሳል፤ ችግሩ ከተደጋገመ ሥራውን ጥሎ ይወጣል። ሥራው በመጨረሻ ተጠናቆ ቢላክም እንኳ ያ መስመር በሎጉ ውስጥ ከታየ ካርዱ ተሳስቶ ነበር ማለት ነው። በፍጥነት ላስረከበ የሚሰጠው ተጨማሪ ነጥብም የሚገኘው ከተቀበላቸው ሥራዎች ቢያንስ 80 በመቶውን በትክክል ላጠናቀቀ ብቻ ስለሆነ፣ ክሎክ በመግፋት ነጥብ ለማብዛት የሚሞክር ሰው ያለውንም ሊያጣ ይችላል።

በ31ኛው መልስ ጠያቂው ሎጉን ከፍቶ ያንን መስመር ከአንድ በላይ ቦታ እንዳገኘው፣ የሚሞሪውን ክሎክ መልሶ በዚያው ምሽት አዲስ ሥራ እንደጀመረ ገለጸ። ክሩ ከዚያ ወዲህ አዲስ መልስ አልተጨመረበትም።